ድንጋይ «አንተ» አይልም

«እርስዎ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ሰው ድሬዳዋን አያውቃትም። ቢያውቃት ኖሮ ወይ ቃሉን ያሳጥረው ነበር፣ ወይ ሐሳቡን ከነጭራሹ ይተወው ነበር። በዚህ ሙቀት ማን ነው «ይቀመጡ፣ ይነሡ፣ ይጠጡ» እያለ ትንፋሹን የሚጨርሰው? እኛ ድሬዎች «አንተ» ተብለን አድገን «አንተ» ተብለን እንቀበራለን። ሹምም ይሁን ቃዲ፣ ቄስም ይሁን ባለ ባጃጅ፣ «አንተ» ነው። ንቀት የለበትም። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ ቀፊራ ገበያ ላይ ቋንቋ ሲበዳደር ኖሮ ለሁሉም የተዳረሰችው ቃል ይህችው ስለሆነች ነው። አያቴ ከደጋ መጥቶ ምድር ባቡር ሲቀጠር አንቱታውን ከስንቁ ጋር ይዞ ነበር አሉ። ስንቁ ሳያልቅ አንቱታው ቀለጠበት።

ይህን ሁሉ የማወራው ተናድጄ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም፤ ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንዳንድ ቦታ ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ይቅር በለኝ። ይቅር ይበሉኝ ማለቴ ነው። ይኸው፣ ጀመረኝ!

ነገሩ የመጣው በልጄ በኩል ነው። ልጄ ለሥራ ደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሲኖር እዚያው አንዲት ልጅ ወደደ። ሰላም ትባላለች። እሱ ደግሞ ወደ ድሬ ሊዛወር ስለሆነ አግብቷት፣ ይዟት ሊመጣ አሰበ። እኔና እናቱ ደስ ብሎን ሽማግሌ ላክን። የሽማግሌዎቹ አለቃ አብዶሽ ነበር። አብዶሽ ጎረቤቴም የልጅነት ጓደኛዬም ነው፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ሽርጥ ሊገዛ የገባን ሰው መጋረጃ አሸክሞ የሚያስወጣ ምላስ አለው። ይህን ምላስ አምኜ ነው የላክሁት። አብዶሽ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሄዶ የልጅቷን አባት አቶ ይስማውን፣ ጡረታ የወጡትን ርዕሰ መምህር፣ በገዛ ሳሎናቸው፣ በዘመድ አዝማድ ፊት፣ ብድግ ብሎ ምን አላቸው?

«አቦ ይስማው! ልጅህን ለልጃችን ስጠን!»

አቶ ይስማው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና፣ «ለ‹አንተ› መልስ የለኝም» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ጠላና ለስላሳ እንኳ ሳይጨርሱ ወጡ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይህ ነው። አብዶሽ ግን እስከ ዛሬ ጥፋቱ አልገባውም። «ወላሂ ክፉ ቃል አልወጣኝም! በስሙ ነው የጠራሁት! ሰውን በስሙ ካልጠራሁት በማን ስም ልጥራው?» ይለኛል። ልነቀው የሚያሰኝ ሰው ነው።

ከዚያ ልጄ አለቀሰ፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ እናቱ እኔን ተቆጣች። ስልክ ተደወለ፣ አማላጅ ገባ። በመጨረሻ አቶ ይስማው፣ ልጃቸው የምትገባበትን ቤትና አብሯት የሚኖረውን ሰው በዓይናቸው ሳያዩ እሺም እምቢም እንደማይሉ አስታወቁ። ሊመጡ ነው ማለት ነው።

ባለቤቴ ጸዳለ ትምህርት ቤት ከፈተችብኝ። እሷ እናቷ ጎንደሬ ስለሆኑ አንቱታን በልጅነቷ ሰምታዋለች፤ እኔን ግን ለማስተማር የተጠቀመችበት ዘዴ ከልጅነቷ የመጣ አይመስለኝም። ውሃ ስጪኝ ስላት «እንደገና» ትላለች። «ውሃ ይስጡኝ» ካላልኩ ውሃ የለም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወጤ ላይ ጨው ለማግኘት የገዛ ሚስቴን አንቱ አልኳት። ስሳሳት ደግሞ አያድርስ ነው። «ይቀመጥ… ተቀመጡ… ትቀመጡ…» ስል እሷ ማማሰያውን ይዛ ከፊቴ ቆማ ትጠብቃለች። ማታ በሕልሜ ሳይቀር «ይተኙ» እያልኩ አወራ ጀመር። ሁለተኛው ትእዛዟ አጭር ነበር፤ እንግዳው ተመልሰው እስኪሄዱ ድረስ አብዶሽ በደጃችን እንዳያልፍ።

አቶ ይስማው መጡ። «መልስ ሳልሰጥ በሰው ቤት አላድርም» ብለው ሆቴል አረፉ። በማግስቱ ጠዋት ልቀበላቸው ስሄድ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው፣ ከራቫት ታስሮ፣ ባርኔጣ ተደፍቶ፣ ሆቴሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ያየኋቸው እኔ፣ ያላበኝ እኔ። «እንደምን ሰነበቱ?» አሉኝ። ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ መስሎኝ ዞርኩ። ለካ እኔን ነው። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ተጠርቼ ስለማላውቅ ለመመለስ ዘገየሁ፤ ዘግይቼም፣ «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ ደህና ነኝ?» አልኩ። ጥሩ አጀማመር አልነበረም።

ጸዳለ ምሳ እስኪደርስ ሰውዬውን አንድ ቦታ አዙራቸው ብላኛለች። የት? ይኸው እዚህ ላይ ነው የተናደድኩት። ቀፊራ ብወስዳቸው የበርበሬ ነጋዴዎቹ ገና ከሩቅ «አንተ ባለ ባርኔጣ!» ይሏቸዋል። ከዚራ ሰፈር ካፌ ብናርፍ አስተናጋጇ «ምን ትጠጣለህ?» ትላቸዋለች፤ ያውም በፈገግታ። ዘመድ ጋ ብወስዳቸው ዘመዶቼ ከአብዶሽ አይሻሉም። አገር ምድሩን በልቤ ዞርኩት፤ ሰው ባለበት ሁሉ «አንተ» አለ። እንግዲያው ሰው የሌለበት ቦታ ያስፈልገኛል። ያን ጊዜ ነው ድንጋዮቹ ትዝ ያሉኝ። ድንጋይ «አንተ» አይልም!

ከከተማው ጫፍ፣ ቤቶቹ አልቀው ተራራው ሳይጀምር፣ የታጠረ ቁራጭ መሬት አለ። ጥብቅ ስፍራ ይሉታል። ጥቂት ግራር፣ ብዙ ቁልቋል፣ ጦጣና ሽኮኮ፣ ከዚያ ደግሞ ዕድሜያቸውን ፈጣሪ ብቻ የሚያውቀው ቋጥኞች አሉበት። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሸብቼ አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ ገና ሳንቀመጥ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «አንተ ፋዘር፣ ኮትህን ሰብስብ፣ ጎማው ይበላዋል» አላቸው። አቶ ይስማው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ አፉን በከፈተ ቁጥር እኔ ሳልኩ። «አንተ…» ሲል እህህ፣ «ከየት ነው የመጣ…» ሲል እህህህ። መንገዱን ሙሉ ስስል፣ መስኮት የሌለውን ባጃጅ ሳናውጥ ቆይቼ ስንደርስ አቶ ይስማው ትንሽ ራቅ ብለው ተመለከቱኝና፣ «ሳንባዎን ታይተው ያውቃሉ?» አሉኝ። ልጃቸው የምትኖርበትን ቤተሰብ ጤንነት እየመረመሩ ነው። ምን ልበላቸው? ደጋ ስላልለመድኩ ነው አልኩ፤ በድሬዳዋ መሐል ተቀምጬ!

በሩ ላይ ከመጋላ የማውቀው ሙሜ የሚባል ጥበቃ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጧል። ትኬትም የሚቆርጠው፣ በርም የሚከፍተው፣ ጦጣም የሚያባርረው እሱ ነው። ገና አፉን ሳይከፍት ቀድሜው ሮጥኩና በጆሮው፣ «እባክህ፣ እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ‹እርስዎ› በላቸው» አልኩት።

«እነማን ናቸው?»

«እሳቸው!»

ሙሜ አንገቱን አስግጎ ከኋላችን ፈለገ። «አቦ ስንት ናቸው? እኔ የማየው አንድ ሽማግሌ ነው።»

«አንድ ናቸው!»

«አንድ ከሆነ ‹ነው› በለኛ። ‹ናቸው› ካልከኝ እኔ በሰው ልክ ነው የምቆርጠው» አለና ሦስት ትኬት ቆረጠ። «ለአንተ አንድ፣ ለእሳቸው ሁለት።»

ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አንተ ፋዘር፣ ኮትህን አውልቅ፣ ትቀልጣለህ ወላሂ!» አላቸው። እኔ ጥርሴን ነክሼ የሦስት ሰው ከፍዬ ገባሁ። ለአክብሮት ቀረጥ የሚከፈልበት አገር ይህ ብቻ ይመስለኛል።

ውስጥ ስንገባ ሰሌዳ አለ። «እነዚህ ጥንታዊ የድንጋይ ቋጥኞች» ይላል፣ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ «ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው» ይላል። ቁጥሩ ተልጦ ወድቋል። ሥር ላይ «ለበለጠ መረጃ ይደውሉ» ብሎ የሙሜን ስልክ ጽፏል፤ የሱም መጨረሻው ተልጧል። ቁጥር የሚባል ነገር ከዚያ ሰሌዳ ላይ ሸሽቷል። ክልከላው ግን አንድም ፊደል አልጎደለውም። መቃም ክልክል ነው፣ መጻፍ ክልክል ነው፣ ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው። ዞር ስንል የጫት ገረባ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ በየቁጥቋጦው፣ ትልቁ ቋጥኝ ደረት ላይ ደግሞ በቀይ ቀለም «ቲጂዬ ህይወቴ ነሽ፣ ያንቺው ሚኪ» ተጽፏል። ደሜ ፈላ። ያ ድንጋይ ያን ሁሉ ዘመን ጎርፍና ንፋስ ችሎ የቆየው ለሚኪ ነው? ሚኪን ባገኘው፣ ቲጂም እኮ ይሄኔ ሌላ አግብታለች ብዬ ልቡን እሰብርለት ነበር።

አቶ ይስማው መነጽራቸውን አውጥተው ጽሑፉን ቀረብ ብለው አነበቡት። «‹ሕይወት› በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው» አሉ አዝነው። እኔ የታየኝ ድንጋዩ፣ እሳቸው የታያቸው ፊደሉ። ቢሆንም ሁለታችንም ተናደን ነበርና ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማማን መሰለኝ።

ስምምነቱ ግመሉ ጋ ስንደርስ ፈረሰ። ግመሉ የዚያ ቦታ ዋና ድንጋይ ነው፤ ተንበርክኮ ጭነት የሚጠብቅ ግመል፣ ሻኛው፣ አንገቱ፣ የተቆጣ ከንፈሩ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሥሩ ላይ ጥላ አለ። «ይኸው ግመሉ!» አልኩ፣ እኔ የሠራሁት ይመስል።

አቶ ይስማው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። «ይህ ጥምጣም ያሰሩ ቄስ ናቸው» አሉ።

«ግመል ነው።»

«ቄስ ናቸው። ይኸው ጥምጣማቸው፣ ይኸው ካባቸው።»

«ይህ ሻኛው ነው!»

«የካባው ጫፍ ነው።»

ልከራከር ፈለግኩ፤ ግን በ«እርስዎ» መጣላት አይቻልም። ሰው «ተሳስተሃል!» ሲል ቃሉ ራሱ ጡጫ አለው። «ተሳስተዋል» ስትል ግን ንዴትህ ግማሽ መንገድ ላይ ይደክመውና ቁጭ ይላል። እሳቸው ደግሞ በዚያው በለመዱት «እርስዎ» እየቆነጠጡኝ፣ «ዓይንዎ ግመል ለምዶ ይሆናል፣ አይፈረድብዎትም» አሉኝ። ተሰደብኩ፤ ግን በአክብሮት ስለተሰደብኩ ምን እንደምመልስ አላወቅኩም። ልጄን እያሰብኩ ግመሌን ዋጥ አድርጌ፣ «ቄስም ይሆናሉ» አልኩ። እግዜር ይይልኝ።

ይህን ስንነጋገር አንድ ጦጣ ከቋጥኙ ላይ ወርዶ ድንጋይ ላይ ያስቀመጥነውን የውሃ ጠርሙስ አንሥቶ ሄደ። የነበረችን ውሃ እሷው ናት። አቶ ይስማው ከዘራቸውን አንሥተው፣ «አንተ! አንተ ባለጌ! አስቀምጥ!» ብለው ጮኹ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። ለካ ቃሉን ያውቁታል! ልቤ ትንሽ ጸደቀ።

ጥቂት ቆይቶ ከበሩ በኩል የሙሜ ድምፅ መጣ። «አንተ! አንተ ፋዘር! ውስጥ አለህ ወይስ ወጥተሃል?»

አቤት ልል አፌን ስከፍት አቶ ይስማው እጃቸውን አነሡ። «ዝም ይበሉ» አሉኝ። «ለ‹አንተ› መልስ አይሰጥም።»

«አንተ! ማንም የለም?» አለ ሙሜ እንደገና።

እሳቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ከራቫታቸውን አስተካክለዋል። እኔ የልጄን ሠርግ በዓይነ ሕሊናዬ እያየሁ አፌን ዘጋሁ። ሰንሰለት ሲንኳኳ ሰማሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላሰብኩም። መቼም ሰው ሲናደድ ጆሮው እንጂ አእምሮው አይሠራም።

በኋላ በሩ ጋ ስንደርስ ከውጭ በትልቅ ቁልፍ ተቆልፏል። የፕላስቲኩ ወንበር ባዶውን ቆሟል። ሙሜ የለም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ድሬ ውስጥ በሙቀት ወራት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሥራ የሚባል ነገር ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ወይ ይተኛል ወይ በርጫ ላይ ይቀመጣል። ሙሜ ደግሞ የሚተኛ ዓይነት አይደለም። ጫቱን ይዞ ከተቀመጠ ስልኩን ያጠፋል፣ ፀሐይ ካልበረደች አይመለስም። አጥሩ ባለ እሾህ ሽቦ ነው፤ ሽቦው በተቋረጠበት ላይ ቁልቋል በቅሏል። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። ሁለት ሰዎች፣ ትኬት ሦስት፣ ውሃ ምንም።

ያን ጊዜ ገነፈልኩ። «ሰውዬው እኮ የተጣራው ሊቆልፍ ነው! ለምን ዝም ይበሉ አሉኝ?» ብዬ ጮኽኩ። ቁጣዬን ሁሉ ጠቅልዬ ነው የለቀቅኩት፤ ግን «አሉኝ» ላይ ሲደርስ እንደ ልመና ሆነብኝ።

«እርስዎ አፍ የለዎትም?» አሉ እሳቸው።

«እርስዎ ከለከሉኝ!»

«እኔ ከከለከልኩዎት በምልክት መንገር አይችሉም ነበር?»

ከርዕሰ መምህር ጋር መከራከር እንዲህ ነው፤ መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ተማሪው ነው። ለጸዳለ ደወልኩ። ሁኔታውን ሁሉ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ የጠየቀችኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። «‹እርስዎ› እያልክ ነው የምታወራቸው?» ስልኩን ድንጋይ ላይ ልፈጠፍጠው ነበር፤ ግን የቀረን ተስፋ እሱ ነው። ሙሜ የት እንደሚቅም የሚያውቅ፣ ከበርጫ መሐል ቁልፍ ቀምቶ መምጣት የሚችል ሰው ከድሬ ሕዝብ ውስጥ አንድ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አብዶሽን ደወልኩለት።

«አብሽር! አሁን መጣሁ!» አለኝ።

«አብዶሽ፣ በእናትህ፣ ስትመጣ አፍህን እንዳትከፍት። በሩን ክፈት፣ ዞር በል፣ ሂድ።»

«እሺ አቦ። አንዲት ቃል ከወጣኝ ምላሴን ቁረጠው።»

ወደ ግመሉ ጥላ ተመለስን። ሙቀቱ ከላይም ከታችም፣ ከድንጋዩም ይወጣል። አቶ ይስማው መጀመሪያ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ቀጥሎ ኮታቸውን፣ ቆይተውም ከራቫቱን። በመጨረሻ ሰደርያቸውን ከፍተው የግመሉ ጎን ላይ ደገፍ አሉ። ፊታቸው ቀልቷል። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ንዴቴን ትቼ ፈራሁ። እኚህ ሰው እዚህ አንድ ነገር ቢሆኑ ለዚያች ልጅ ምን እላታለሁ? አባትሽን ድንጋይ ላሳያቸው ወስጄ… እያልኩ ሳስብ በድንጋጤ እንደገና ተናደድኩ። በሙሜ ተናደድኩ፣ በሰሌዳው ተናደድኩ፣ በጦጣው ተናደድኩ፣ «እርስዎ»ን በፈጠረው ሰው ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ ለአንዲት ቃል ብለው ልጆቻችንን በሚያስለቅሱት በእሳቸው ተናደድኩ።

ባጃጅ መጣ። ሞተሩ በሩ ጋ ቆመ፤ ከዚያ ያ መጋላን የሚያናውጥ ድምፅ ተሰማ። ምላሴን ቁረጠው ያለው ሰው ነው።

«አንተ ይስማው! የት ነህ? አንተ ይስማው!»

ስማቸው ራሱ «ይስማው» ነው፤ የሚሰማ ግን የለም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ደግሞ፣ ልናዘዘውና፣ እልኸኛ ነኝ። ለ«አንተ» መልስ አይሰጥም አልተባለም? እሺ፣ አይሰጥም! እጄን አጣምሬ ዝም አልኩ። ከልጄ ሠርግም፣ ከሕይወቴም እልሄን መረጥኩ። ሞኝ ነኝ፣ አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቄው ነበር።

«አንተ ይስማው! የለህም እንዴ?» አለ አብዶሽ። ከዚያ ለሾፌሩ፣ «የሉም አቦ፣ በአጥር ዘለው ሄደዋል። ዙርና እንሂድ» ሲለው ሰማሁት። ባጃጁ ተነሣ። መዞር ጀመረ።

«አቤት!»

ዘልዬ ተነሣሁ። ከጎኔ ነው ድምፁ የመጣው።

«አቤት! አቤት! አለሁ! እዚህ አለሁ!»

አቶ ይስማው ቆመዋል፤ ያለ ኮት፣ ያለ ባርኔጣ፣ ከዘራቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው። ባጃጁ ጸጥ አለ። በሩ ተንኳኳ፣ ሰንሰለቱ ወደቀ። እሳቸው ግን ወደ በሩ አልሄዱም፤ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ለሱ አይደለም አቤት ያልኩት» አሉኝ። «እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ባለቤቴ… ሰው ፊት ‹እርስዎ› ነበር የምትለኝ። ሁለታችን ብቻ ስንሆን ግን ከጓዳ ሆና ‹አንተ ይስማው!› ብላ ትጠራኛለች። አቤት እላታለሁ። ካረፈች ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ ‹አንተ› የሚለኝ ሰው የለም። ልጄ ‹እርስዎ› ትለኛለች፣ ጎረቤት ‹እርስዎ› ይለኛል፣ ቄሱ ‹እርስዎ› ይሉኛል። የእናንተ ሽማግሌ ሳሎኔ ውስጥ ቆሞ ያቺን ቃል ሲያነሣት የሷን ዕቃ ሌባ የወሰደብኝ ነው የመሰለኝ።»

ያን ሁሉ ቀን የተናደድኩባቸው ሰው አልነበሩም እሳቸው። እኔ ኩራት ነው ያልኩት ሐዘን ነበር።

አብዶሽ በዚህ መሐል ላቡን በሽርጡ ጫፍ እየጠረገ፣ የውሃ ጠርሙስ ታቅፎ ደረሰ። ጠርሙሱን ሰጣቸው። ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ እንደ ምንም ዝም ብሎ ቆመ፤ ለሱ ይህ ትልቅ ጾም ነው። ከዚያ አልቻለም።

«አንተ ይስማው፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥቼ መልስ ከለከልከኝ። ይኸው ዛሬ ስጠራህ አቤት አልክ። በእኛ አገር አቤት ያለ ሰው እሺ ብሏል! አለቀ አቦ!»

ድንጋይ ፈለግኩ፤ የምወረውርበት። ድንጋይ በሞላበት ቦታ ላይ እጄ የሚያነሣው አንድም አልነበረም፣ ሁሉም ቤት የሚያህል ነው። አቶ ይስማው ግን ጠርሙሱን ከአፋቸው አውርደው አብዶሽን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«በዚህ ከተማ ሁሉንም ሰው እንዲህ ነው የምትጠሩት?» አሉት።

«ሁሉንም! ወላሂ ሁሉንም!»

«ልጄንም ‹አንቺ› ልትሏት ነው?»

«ታዲያ ምን እንበላት? ልጃችን አይደለችም እንዴ?»

አቶ ይስማው ሰደርያቸውን እንደተከፈተ ትተው ተነሡ። «እንግዲያስ ብቻዋን አትሆንም» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል። ሲወጡ ቀና ብለው ቋጥኙን አዩት። «ቢሆንም ቄስ ናቸው» አሉ።

ምሳው ላይ የሆነውን ላሳጥረው። አብዶሽ፣ ሥጋው ስለማይሆንለት እንደ ሁልጊዜው ሽሮው ለብቻው ቀርቦለት፣ ያ በደጃችን እንዳያልፍ የተከለከለው ሰው፣ ከአማቼ አጠገብ ተቀምጦ «ብላ እንጂ ይስማው!» እያለ ያጎርሳቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ። ጸዳለ መጀመሪያ ደንግጣ ማማሰያዋን ፈለገች፤ ቆይታ እሷም «ጠጣ፣ ሙቀቱ ይጎዳሃል» አለቻቸው። ከአቶ ይስማው ጋር «አንተ» ያልተባባልኩት በዚያ ማዕድ ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ምላሴ እምቢ አለኛ! ያን ሁሉ ቀን ጨው ተከልክዬ የተማርኩት ትምህርት አሁን አልለቀኝ አለ። «ይጨመርልዎ፣ ይውሰዱ፣ ይመርቁን» ስል፣ አቶ ይስማው ጉርሻውን በእጃቸው እንደያዙ ተቆጡ።

«እንግዲህ ዘመድ ሆነናል። አንተ በለኝ አልኩህ እኮ!»

«እሺ» አልኩ፣ ከልቤ ተናድጄ። «እልዎታለሁ።»